የሰርግ ካሴታችሁን ለቪዲዮ ቤት ከመስጠታችሁ በፊት

ቁም ሣጥን ላይ ወይም አልጋ ሥር በፌስታል የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል። እኛ ቤት የነበሩት የወላጆቼ ሰርግ፣ መልሱና ቅልቅሉ፣ የታናሽ ወንድሜ ክርስትና፣ ደግሞም አጎቴ ከአሜሪካ የላከው ካሴት ናቸው። ሰርጉ የ1984 ዓ.ም. ነው። ዛሬ ሁሉም በፋይል አለ። እዚህ እስክደርስ ያየሁትን አበሳ ግን ቀድሞ የነገረኝ አልነበረም።

እንደማንኛውም ሰው የሰርጉን ካሴት ቪዲዮ ቤት በማስገልበጥ ጀመርኩ። «በዲቪዲ ይሁን በፍላሽ?» አሉኝ። በፍላሽ አልኩና ቀብድ ከፈልኩ። ተቀበልኩ፣ ቤት ሄድኩ፣ እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ ከፈትኩት።

ሙሽራውም ሚዜውም ፊታቸው ወደ ጎን ተለጥጧል። የድሮ ካሴት ምስል አራት በሦስት ነው። እነሱ ያሁኑን ሰፊ ቴሌቪዥን እንዲሞላ ብለው ጎትተውታል። እሺ ይሁን አልን። ጭፈራው ሲመጣ ደግሞ እስክስታ የሚመታው ትከሻ ሁሉ ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ተሰነጣጥቋል። እሱንም ዝም አልን።

ቀጥሎ አያቴ ሊመርቁ ተነሱ። እጃቸው ተዘርግቷል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚሰማው ግን የዘንድሮ የሰርግ ዘፈን ነው።

«ድምፁን ጨምሪው እስቲ» አለችኝ እናቴ። ጨመርኩ። ዘፈኑ ጨመረ። «የእማማ ድምፅ የታለ ታዲያ?» አለች። ቴሌቪዥኑ የተበላሸ መስሏታል።

በነጋታው ሄድኩ። ልጁ በጣም ትሁት ነው። «እህቴ፣ ድምፁ ይንሿሿ ነበር፣ እንዲያምርልሽ ብለን ነው» አለኝ። ያልነካችሁትን ስጡኝ አልኩት። «ቦታ ስለሚይዝ አጥፍተነዋል» አለ። እንግዲያው እንደገና ገልብጡልኝ ስለው ሌላ ሂሳብ ጠራ። ማን አሳምሩ አላችሁ? የሞተ ሰው ድምፅ ላይ ዘፈን መጫን ምን የሚሉት ማሳመር ነው? ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል።

በዚህ አላበቃም። የቪዲዮ ካሴት ጎኑ ላይ ትንሽ ቁልፍ አለች። ስትጫኗት የፊት ክዳኑ ይከፈታል። ከፈትኩት። ክሩ ተጨማዶ፣ ተቆርጦ፣ በተራ የቢሮ ፕላስተር ተጣብቋል። ፕላስተሩ ከክሩ ጠርዝ አልፎ ተርፏል። ዴካቸው፣ ማለትም የካሴት ማጫወቻው፣ ካሴቱን በልቶታል ማለት ነው። አንድም ቃል አልነገሩኝም። ዴክ ውስጥ ያለው፣ ክሩን የሚያነበው ሄድ በእኛ አገር ሥርዓት በሴኮንድ 25 ጊዜ ይሽከረከራል። ያንን የሚያጣብቅ ፕላስተር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን ገምቱ። ሳላይ ባጫውተው ኖሮ ሌላ ዴክም ይበላሽ ነበር።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ካሴት ስትሰጡ፣ አንዲት ነገር ሳይቆርጡና ሳይጨምሩ እንዲገለብጡላችሁ በጽሑፍ አስፈርሙ። ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ክዳኑን ከፍታችሁ እዩ። ከተቻለ ደግሞ ጭራሽ አትስጡ። ራሳችሁ ሥሩት።

እኔም እንደዚያ አደረግኩ። አዲስ ዴክ የሚባል ነገር የለም፤ የመጨረሻው አምራች የጃፓኑ ፉናይ በ2016 እ.ኤ.አ. አቁሟል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞሬ አሮጌ አገኘሁ። የማትሳሱለትን ካሴት ይዛችሁ ሂዱ፣ በዚያ ሞክሩት። ሲያጫውት ብቻ ሳይሆን ሲያጠነጥንም፣ ሲተፋም እዩ። ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመዱን በዩኤስቢ ካፕቸር፣ ማለትም የዴኩን ምስልና ድምፅ ወደ ኮምፒውተር በሚያስገባ ትንሽ ዕቃ በኩል ከላፕቶፕ አገናኘሁ። ኦቢኤስ (OBS) የሚባለውን ቪዲዮ የሚቀዳ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። የሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። መብራት ሲሄድ ላፕቶፑ በባትሪ ይቀጥላል፣ ዴኩ ግን ክሩን እንደጠመጠመ ይቆማል። ያኔ በጉልበት አታውጡት፣ መብራቱ እስኪመጣ ጠብቁ።

ያ የማበጠሪያ ጥርስ ነገር መፍትሔ አለው። ካሴቱ በሴኮንድ 25 ምስል አለው ይባላል እንጂ እያንዳንዱ ምስል ሁለት ግማሽ ነው፤ ስለዚህ 50 እንቅስቃሴ ይዟል። ብዙ ሰው 25 ላይ አድርጉት ይላል። እኔ አልስማማም። ኦቢኤስን በ50 አድርጉትና ዲኢንተርሌሲንግ (Deinterlacing) የሚለው ውስጥ፣ ግማሾቹን ለየብቻ ሙሉ ምስል የሚያደርገውን ያዲፍ ቱ ኤክስ (Yadif 2x) ምረጡ። ሌላው ይቅር፣ እስክስታው ይገባዋል። የአክስቴ ትከሻ አሁን ልክ እንደዚያን ቀን ይንቀጠቀጣል። ምስሉንም አራት በሦስት ላይ ተዉት፣ ጎንና ጎኑ ጥቁር ቢሆን ምን አለበት?

የተጣበቀውን ካሴት አምስቱን ብሎን ፈትቼ ከፈትኩት። ከመንካቴ በፊት የክሩን አካሄድ በስልኬ ፎቶ አነሳሁ። ባለሙያ ነን የሚሉት «ካሴት በፍጹም አትክፈቱ» ይላሉ። ቀስ ብሎ ለሚሠራ፣ እጁን ታጥቦ ክሩን በጠርዙ ብቻ ለሚይዝ ሰው አስፈሪ አይደለም። ፕላስተሩ ያረፈበትን ክር ቆርጬ አወጣሁ። ጫፎቹን ለዚሁ በተሠራ ስስ ማጣበቂያ ቴፕ በጀርባቸው በኩል አገናኘሁ። ስገለብጥም ከመጋጠሚያው በፊት አቆምኩ፣ ክሩን በእጄ አሳለፍኩ፣ ከዚያ ወዲያ ቀጠልኩ። የጠፋው ከኬክ ቆረሳው ጥቂት ሴኮንድ ነው።

ምርቃቱ ሙሉ ነበር። ይንሿሿል፣ እውነት ነው። ግን ይሰማል። «ውለዱ፣ ክበዱ» ሲሉ እናቴ ሶፋው ላይ ሆና «አሜን» አለች፤ ቀጥለው በስሟ ሲጠሯት ደግሞ «አቤት» ብላ መለሰች። የቪዲዮ ቤቱ ልጅ «እንዲያምርልሽ» ብሎ በዘፈን የሸፈነው ያንን ድምፅ ነው።

የክርስትናው ካሴት በመስኮቱ ሲታይ ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት ነበረው። ሻጋታ ነው። «መጀመሪያ እስከ መጨረሻው አጠንጥኑት» የሚለውን የተለመደ ምክር እንዲህ ባለው ላይ አትከተሉ። ሻጋታው ዴኩ ውስጥ ይቀርና ቀጥሎ ወደሚገባው ካሴት ይሻገራል። ለብቻው አስቀምጡ፣ ክሩ ከጸዳ በኋላ መጨረሻ ላይ ገልብጡት።

የአጎቴን ካሴት ደግሞ «ተበላሽቷል፣ ጣሉት» ብለውን ነበር። ምስሉ ጥቁርና ነጭ ሆኖ ይዘላል። ምንም አልሆነም። የቪዲዮ ሥርዓቱ ከአገር አገር ይለያያል፤ የእኛ ፓል ነው፣ 625 መስመር፤ የአሜሪካው ኤንቲኤስሲ ነው፣ 525 መስመር። በምናምነው መንገደኛ መልሰን ላክነው፣ አጎቴ እዚያው አገሩ ዴክ ላይ ገለበጠው። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ያላችሁ ከዚህ ጋር አትታገሉ።

ፋይሉን ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ይጨምቀዋል። ከ2 ጊጋ የበለጠውን ቆራርጡት። ያልተነካውን ዋና ቅጂ ግን ሁለት ሃርድ ዲስክ ላይ፣ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ። ካሴቶቹንም ማንም «ከእንግዲህ ምን ያደርግልሻል» ቢል አትጣሉ። እኔን ያዳነኝ ካሴቱ ነው፤ የቪዲዮ ቤቱ ፋይል ብቻ ቢኖረኝ ኖሮ ምርቃቱ ዛሬ የለም።