ፌስታል የሞላው ፌስታል

የፈለግኩት ስፖንጅ ነበር። የእቃ ማጠቢያውን ሥር ስከፍተው ያገኘሁት ግን ፌስታል የሞላው ፌስታል ነው። እንደ ትራስ አብጧል። መቼም የሌለበት ቤት የለም። ዕለቱ እሁድ ነው፣ መብራት ጠፍቷል፣ የስልኬም ባትሪ አልቋል። ሥራ የፈታ ሰው የሚያደርገውን አደረግኩ። ወለሉ ላይ ዘርግፌ መቁጠር ጀመርኩ። ጥቁሩ፣ ባለመስመሩ፣ የዳቦ ቤቱ፣ የፋርማሲዋ ሚጢጢ ሳትቀር 63 ሆኑ።

እማዬ ከመኝታ ቤት ብቅ አለች።

«ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?»

«እየቆጠርኩ ነው።»

«ብር መሰለህ?»

ይህ የሆነው ሰኔ 2017 ላይ ነው። ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክለውን አዋጅ ካጸደቀ ጥቂት ሳምንት ቢሆነው ነው። ግን አዋጁ አይደለም ያስቆጠረኝ። ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር ያልበለጠው ስስ ፌስታል እኮ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ የተከለከለ ነበር። ያ ሕግ ሲወጣ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። ከዚያ ማትሪክ ተፈተንኩ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ወጣሁ፣ ጢሜም ሸበት አለ። ፌስታሉ ግን ከእጄ ወርዶ አያውቅም።

ያስቆጠረኝ ዝናቡ ነው። የዚያን ሳምንት ሐሙስ ታክሲ መያዣው ጋ ቱቦው ተደፍኖ ጎርፉ አስፋልቱን ሞላው። አንድ ሰውዬ ሱሪውን ሰብስቦ በረጅም እንጨት ቱቦውን ይወጋል። እኛ ዳር ቆመን እናያለን። በመጨረሻ ፌስታል ከሃይላንድ፣ ሃይላንድ ከፌስታል እንደተቆላለፈ ተጎትቶ ወጣ። መሐሉ ላይ የሰፈራችንን ዳቦ ቤት ፌስታል አየሁ። ሥዕሉን አውቀዋለሁ። የኔ ላይሆን ይችላል። ግን የኔ ላለመሆኑም ማስረጃ የለኝም።

እናም ዘንቢል ልገዛ መርካቶ ወረድኩ። ሻጩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ደረደረልኝ። ሁሉም ከፕላስቲክ የተሠራ ነው። «የሰሌኑ የለም?» ብለው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ወንድም፣ ለጌጥ ነው ለአስቤዛ?» አለኝ። ከፕላስቲክ ልሸሽ ሄጄ ፕላስቲክ ገዝቼ ተመለስኩ። ደግነቱ ይኼኛው ዓመታት ይቆያል፣ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዘንቢል የያዘ ወንድ ምን እንደሚገጥመው ያልያዘ አያውቅም። የሰፈር ልጆች «አገባህ እንዴ?» ይላሉ። ጉሊት ያሉት እናት ግን ወደዱት። «ተባረክ የኔ ልጅ፣ ለፌስታል የማወጣውን አስቀረህልኝ» ብለው ቲማቲሙ ላይ ሁለት ጨመሩልኝ። በዘመቻዬ ያገኘሁት የመጀመሪያ ትርፍ እሱ ነው።

ሉካንዳ ቤት ላይ ተሸነፍኩ። ክዳን ያለው ሳህን ይዤ ሄድኩ። ሥጋ ቆራጩ ሳህኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሚዛኑን አየ። «ሳህኑ ይመዝናል እኮ» አለ። «ባዶውን መዝነህ ቀንሰው» አልኩት። ከኋላዬ ሰልፉ አጉረመረመ። በመጨረሻ ሥጋውን መዘነና በፌስታል አድርጎ፣ ፌስታሉን በክብር ሳህኔ ውስጥ አስቀመጠልኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ምን ልበል?

ቤት ስደርስ እማዬ ስለ ዘንቢሉ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። እሷ እኮ ናት የዘንቢል ሰው። ልጅ ሆኜ ጠዋት ዘንቢሏን አንጠልጥላ ወጥታ፣ ድንቹን ከታች፣ ጎመኑን ከላይ አድርጋ ስትመለስ ትዝ ይለኛል። ዘይት ልግዛ ስባል የምሄደው ጠርሙስ ይዤ ነው። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው። የተቀደደ ልብስ ልዋጭ ይወስደዋል፣ የተሰበረ ብረት ቆራሌው ይገዛዋል። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ «አየሽ፣ የናንተ ኑሮ ነው ትክክል» አልኳት።

ተቆጣች። የምሬን ነው፣ ተቆጣች።

«ዘንቢል የያዝኩት ወድጄ መሰለህ? ፌስታል ስላልነበረ ነው! ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያመኛል።»

ከዚያ የመጀመሪያውን ፌስታል ነገረችኝ። ጎረቤት ከውጭ አገር ዘመድ የመጣላቸው ነው። ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ታጥፎ ፍራሽ ሥር ይቀመጥ ነበር። ዝናብ ሲመጣ የኔ ደብተር የሚጠቀለልበት እሱ ነበር። «አንተ ዛሬ አዲስ ኑሮ የምትለው እኛ ችግር የምንለውን ነው» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም የተሟላ መልስ የለኝም። የውሃውን ነገር እንኳን ብናይ፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ውሃ በፈረቃ ነው። የልብስ እጣቢው ወለል ይጠረግበታል፣ የወለሉ ሽንት ቤት ይደፋል። እማዬ ይህን ዕድሜ ልኳን ስታደርግ ማንም «ውሃ ቆጣቢ» ብሎ አላጨበጨበላትም። እኔ ገላዬን በአንድ ባልዲ ታጠብኩ ብዬ ለጓደኞቼ አወራሁ። በጾሙ በኩል ደግሞ አልፎካከራትም። በዓመት ከግማሽ ያላነሰውን ጊዜ ሥጋና ወተት የማትቀምስ ሴት ጋ ሆኜ ስለ ሥጋ መቀነስ ብሰብክ ነውር ነው።

ወደ ኮምፖስቱ ልሂድ። ትልቁ ጉዴ እሱ ነው።

ቆሻሻችንን ማኅበሩ በጋሪ ይወስደዋል፣ ክፍያው ከውሃ ቢል ጋር ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ አላስብም ነበር። ማሰብ የነበረብኝ ግን ድሮ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ የአዲስ አበባ ቆሻሻ በሚጣልበት ቆሼ ላይ የተከመረው ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። የዚያን ሰሞን ሁላችንም አለቀስን፣ በማግስቱ ደግሞ ቆሻሻችንን አወጣን። ከከተማዋ ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነገር ነው። ልጣጭ፣ የጎመን አገዳ፣ የቡና አተላ። ክምር ሥር አየር አጥቶ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ ያወጣል። ቢያንስ የኛን ልጣጭ እዚሁ ላስቀረው አልኩ።

ባልዲ ገዛሁ፣ ሥሩን በሳሁ፣ በረንዳ ላይ አስቀመጥኩት። ልጣጩን በላይ በላዩ ጨመርኩ። በሁለተኛው ሳምንት መሽተት ጀመረ። በሦስተኛው ሳምንት ዝንቡ መጣ። በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በሩ ተንኳኳ። ከታች ያሉት ጎረቤታችን ናቸው። በእጃቸው ለእሁድ ቅዳሴ ያጠቡት ነጠላ አለ። ነጭ ነበር። ከትከሻው እስከ ጥለቱ ቡናማ ነጠብጣብ ወርዶበታል።

«ይኼ ከናንተ በረንዳ ነው?»

ሥሩን የበሳሁት ባልዲ ከሥሩ ምንም አልተደረገለትም ነበር። እማዬ ቀድማኝ ይቅርታ ጠየቀች። ነጠላውን ተቀብላ ሌሊቱን ዘፍዝፋ፣ በበረኪናም በሎሚም አሽታ ነጭ አደረገችው። እኔን አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ዝም ማለቷ ነው የከፋው።

ስህተቱ ምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ። እርጥቡን ብቻ ነበር የምጨምረው። እርጥብ ሲበዛ አየር አይገባውም፣ አየር ሲያጣ ይገማል። ደረቅ ነገር ይፈልጋል፤ ቅጠል፣ የተቀዳደደ ካርቶን፣ ወይም ሰጋቱራ። ሰፈራችን እንጨት ቤት አለ። አንድ ማዳበሪያ ሰጋቱራ ስጠይቃቸው በነጻ ሰጡኝ፣ ውሰድልን እንጂ ብለው። አንድ እጅ ልጣጭ፣ ሁለት እጅ ሰጋቱራ፣ በሳምንት አንዴ ማገላበጥ፣ ከሥሩ ደግሞ ሳፋ። ሽታው በአሥር ቀን ጠፋ። ጥቅምት ላይ ታችኛውን ስዝቅ ጥቁር፣ ፍርፍር ያለ፣ ዝናብ የመታው አፈር የሚሸት ነገር ወጣ። እኔ ነኝ ይህን የሠራሁት? እጄ ላይ ይዤ ቤቱን ዞርኩ። በጣሳ ሞልቼ ለጎረቤታችን ወሰድኩላቸው። ጤና አዳም ተከሉበት። ነጠላውን ግን እስካሁን ያነሳሉ፣ በተለይ ሰው ባለበት።

የከሰሉ ጉዳይ በእርቅ ነው ያለቀው። ከሰል ሲከስል አብዛኛው የእንጨቱ ጉልበት እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይባክናል። የኛ መብራት ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ነው የሚመነጨው። ስለዚህ ቡናው በኤሌክትሪክ ይፍላ አልኩ። እማዬ «ጀበናዋ አትቆምም» አለች። እውነቷን ነው፣ ቂጧ ክብ ነው፣ ምድጃው ላይ ትንገዳገዳለች። ሥሯ ጠፍጣፋ የሆነች ጀበና ፈልጌ አመጣሁ። ሦስት ቀን በኤሌክትሪክ አፈላች። በአራተኛው ቀን ቡናው ሊገነፍል ሲል መብራት ጠፋ። ምንም አላለችም። ተነስታ ከሰሉን አቀጣጠለች፣ ዕጣኑን ጣል አደረገች፣ ፈገግ ብላ አየችኝ። አሁን የሥራ ቀን ኤሌክትሪክ፣ እሁድና በዓል ከሰል ሆኗል። መብራት በጠፋ ቁጥርም እሁድ ነው።

ኮዳም ገዝቻለሁ። በሳምንት ሦስት ቀን ቤት እረሳዋለሁ። ያን ቀን ሃይላንድ እገዛለሁ፣ ባዶውን ቤት አመጣለሁ፣ እማዬ ለዘይት ታስቀምጠዋለች።

ትናንት ደግሞ እሁድ ነበር፣ ስፖንጅ ፈልጌ የእቃ ማጠቢያውን ሥር ከፈትኩ። ትራሱ ሁለት ሆኗል። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 112። አምስት ወር ሙሉ ዘንቢል ተሸክሜ ከ63 ወደ 112! «እማዬ!» አልኩ ጮክ ብዬ። ከበረንዳው መጣች። በእጇ አንድ የታጠበ ፌስታል አለ፣ ውሃው ገና ይንጠባጠባል።

«ከየት ነው ይኼ ሁሉ?»

«ከየጎረቤቱ። ሊጥሉት ሲሉ ነው የተቀበልኳቸው።»

«ለምን?»

«ይጠፋል ተብሏል አይደል? እንደ ዘይቱ፣ እንደ ስኳሩ» አለችና ፌስታሉን ልብስ ማስጫው ላይ በመቆንጠጫ ሰቀለችው። «ሲጠፋ ታመሰግነኛለህ።»