ጭራ ያወጣው እራት

አማቴ ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የገቡ ዕለት የወጥ ቤታችን ሥልጣን ያለ ምርጫ ተላልፏል። ማንኪያ እንኳን ጠፍቶብኝ እንደሆነ የምጠይቀው እሳቸውን ነው። ያን ረቡዕ ግን ባለቤቴ የማታ ተረኛ ነበረች። «እንኳን ደህና መጡ» ሊሏቸው የሚመጡ ባልና ሚስት አሉ፤ ቀኑ ጾም ነው፤ ሐኪሜ ደግሞ ስኳሬ ከፍ ማለት ጀምሯልና ነጭ ሩዝና ፓስታ ቀንስ ብሎኛል። ይህን ሁሉ በአንድ ድስት የሚፈታ ምግብ ነበረኝ፤ ኪንዋ የሚባል እህል በአትክልት። ቅቤ አይፈልግም፣ ትኩስም ቀዝቃዛም ይበላል፣ ከካሮትም ከሽምብራም ይስማማል። የማይስማማው ከአማቴ ጋር ብቻ ነው።

«እማማ፣ ዛሬ እርስዎ ይረፉ፤ የምሠራው እኔ ነኝ» አልኳቸው።

«አንተ?» አሉና ወንበር ስበው ወጥ ቤቱ በር ላይ ተቀመጡ። ዕረፍታቸው ይኸው ነው።

ከረጢቱን ስከፍተው ትሪ ጠየቁኝ። እሳቸው ዘንድ ሳይለቀም ድስት የሚገባ እህል የለም። ተበጥሮ ታሽጎ የመጣ ነው ብል ማን ሰምቶኝ! መነጽራቸውን አድርገው፣ ያቺን ከጤፍ ተለቅ ከማሽላ አነስ የምትል ፍሬ በጣታቸው እየገፉ ድንጋይ ፈለጉ። አለመገኘቱ ጭራሽ ጥርጣሬያቸውን አባሰው።

«ድንጋይ የሌለው እህል ደግሞ ምን ዓይነት ነው?»

ከዚያ ማጠብ ጀመርኩ። ኪንዋ ውሃ ሲነካው ነጭ አረፋ ያወጣል፤ አማቴም አረፋውን አዩ።

«ልጄ፣ ሳህኑን ሳሙናውን ሳታስለቅቅ ነው እንዴ?»

«ሳሙና አይደለም እማማ። ሳፖኒን የሚባል መራራ ነገር ነው። ተክሉ ወፍ እንዳይበላው ፍሬውን የሚከላከልበት ነው።»

«ወፍ የተወውን ነው ለእንግዳ የምታቀርበው?»

የእኛው እንዶድም አረፋ የሚያወጣው በዚሁ ነገር ነው ብዬ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ባልሞከርኩ። እሳቸው በልጅነታቸው ነጠላ ያጠቡበትን እንዶድ ነው አሁን ቀቅዬ ላበላቸው የተነሣሁት። ዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ የቢልሃርዚያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያረጋገጡበት ታሪክ ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ስለሚገድል ነገር የሚወራበት ሰዓት እንዳልሆነ ገባኝና ዋጥኩት። በምትኩ ወደ ክብሩ ዞርኩ። ኪንዋ የቦሊቪያና የፔሩ ደጋ ሰዎች በሺህ ለሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩበት ምግብ እንደሆነ፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 2013ን ዓለም አቀፍ የኪንዋ ዓመት ብሎ እንደሰየመለት ነገርኳቸው።

«ለጤፍስ ስንት ዓመት ሰጡት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም።

አንዱን ኩባያ ኪንዋ በሁለት ኩባያ ውሃ ጣድኩት። በሌላው ምድጃ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ዝኩኒና ቃሪያ በወይራ ዘይት ጠበስ ጠበስ አደረግሁ፤ ሎሚም ጨምቄ አስቀመጥኩ። ነገር ሁሉ ባማረበት ሰዓት ስልኬ ጮኸ። እንግዶቹ መኪና ማቆሚያ አጥተው ሕንፃውን እየዞሩ ነው። «15 ደቂቃ ሲሞላው እሳቱን ያጥፉልኝ» ብዬ ወረድኩ።

ከእንግዶቹ ጋር ስመለስ ድስቱ ታጥቦ ተደፍቷል።

አማቴ እንግዶቹን በሙሉ ወግ ስመው ካስቀመጡ በኋላ እኔን በክርኔ ይዘው ኮሪደር ውስጥ አስገቡኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግዜር ነው ያተረፈን። ትል ነው» አሉኝ።

ኪንዋ ሲበስል ከእያንዳንዱ ፍሬ እንደ ቀለበት የተጠቀለለች ነጭ ጭራ ብቅ ትላለች፤ የፍሬው ፅንስ ናት። አማቴ ክዳኑን ሲከፍቱ አንድ ድስት ሙሉ ጭራ ነው የጠበቃቸው።

«አንድ ሁለት ቢሆን ለቅሜ እጥለው ነበር። ይሄ ግን ሁሉም ላይ ነው!»

አትክልቴም አልተረፈም። ሽንኩርትና እርድ ገብቶበት፣ የወይራ ዘይቱ በሌላ ዘይት ታግዞ፣ አልጫ ሆኖ እንጀራ ላይ ወጣ። እንግዶቹ በላይ በላዩ እየጎረሱ አመሰገኑኝ። እኔም ምን እላለሁ፣ ምስጋናውን ተቀበልኩ። ሐኪሜ ካወጣልኝ መጠን በላይ እንጀራ የበላሁትም ያን ማታ ነው።

ሚስትየው ውሃ ልትቀዳ ስትነሣ ከረጢቱን አየችው። «ውይ፣ እናንተም ኪንዋ ትበላላችሁ? እኛ ቤትማ በየቀኑ ነው!»

አማቴ የያዙትን ጉርሻ መለሱት። ሴትዮዋን በሐዘን አይተው ቀስ ብለው ጠየቁ፤ «እናንተም ቤት ገብቷል?»

ነገሩ ሲብራራ ባልና ሚስቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጭራዋ የመብሰሉ ምልክት እንደሆነች ሴትየዋ ምላ ተገዝታ አስረዳች። አማቴ አልተከራከሩም። «ይሁን» ብለው ቡና ሊያፈሉ ተነሡ።

ቆሎ አልቆብን ነበር። ከወጥ ቤት የሚንጣጣ ድምፅ ስሰማ ፈንዲሻ መስሎኝ ነበር። አማቴ የተረፈውን ኪንዋ ብረት ምጣድ ላይ አድርገው እያመሱት ነው፤ ፍሬው ይዘላል። ጨው ነስነስ ተደርጎበት በሳህን ቀረበ። ለጣት ስለማይመች በቡና ማንኪያ እየዛቅን ቃምነው፤ መረር ቢልም ከቡናው ጋር ማንም ልብ አላለውም። ከሁላችን ቀድመው የዛቁት እሳቸው ናቸው።

«እማማ፣ ትሉስ?» አልኳቸው።

«ቆላሁታ!»