12,500 ፓውንድ እና የአያቴ ስም

ባለፈው እሁድ እዚህ ዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ካፌ ቁጭ ብዬ አንድ ልጅ መጣና ጠየቀኝ። በረራ እየተማረ ነው። "ጋሼ፣ ሴስና ከቻልኩ በኋላ ቦይንግ ለመማር ምን ያስፈልገኛል?"

"መጀመሪያ ስምህን አስተካክል" አልኩት። የቀለድኩ መሰለው።

የአሜሪካ ሕግ አውሮፕላንን በሚዛን ነው የሚለየው። የመነሻ ክብደቱ ከ12,500 ፓውንድ (5,670 ኪሎ ገደማ) ከበለጠ፣ ወይም ትንሽም ቢሆን ጄት ከሆነ፣ ዋናው አብራሪ ለዚያው ዓይነት አውሮፕላን የተሰጠ ታይፕ ሬቲንግ የሚባል ልዩ ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። እኔ ሳስተምርበት የነበረው ሴስና 172 ቢበዛ 2,550 ፓውንድ ነው። ቦይንግ 737-800 ከ174,000 ፓውንድ ያልፋል። ልዩነቱን አስቡት።

ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ ያቺው 12,500 ሌላ በር ላይም ቆማ ትጠብቀዋለች። ግሪን ካርድ መያዝ ዜጋ አያደርግም። ስለዚህ የትራንስፖርት ደህንነት መሥሪያ ቤቱ፣ ቲ.ኤስ.ኤ.፣ አሻራዬን ወስዶና ማንነቴን አጣርቶ ይሁን ሳይል መሬት ላይ በሚቆመው የበረራ መለማመጃ፣ ሲሙሌተር ውስጥ እንኳ ለቦይንግ መሠልጠን አልችልም።

ጉዴ እዚህ ላይ ነው። ፓስፖርቴ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም አለ። ግሪን ካርዴ የአያቴን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል። የአብራሪ ፈቃዴ ላይ ግን፣ ያኔ ፎርም ስሞላ እንደለመድነው በአባቴ ስም ጨርሻለሁ። ስሞቹ ስላልገጠሙ ለቲ.ኤስ.ኤ. ያስገባሁት ማመልከቻ ተመለሰ። ስም እስካስተካክል የ737 ኮርሱ ቀን አለፈ፣ ማሠልጠኛው ጋ ያስያዝኩት ቀብድም ቀለጠ። አያቴ አውሮፕላን በሰማይ ሲያልፍ እንጂ መሬት ላይ አይተው የማያውቁ ገበሬ ነበሩ። ስማቸው ግን 737 አስቁሟል።

ስሙ ሲስተካከል የበረራ ሰዓት መሙላቱ ቀረ። አየር መንገድ ለመግባት ኤ.ቲ.ፒ. የሚባለው ፈቃድ ያስፈልጋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለረዳት አብራሪም ጭምር። በመደበኛው መንገድ 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠይቃል። ሰዓቱን ተማሪዎች እያስተማርኩ ሞላሁት። ግን ሰዓቱ ብቻውን ለጽሑፍ ፈተናው አያስቀምጥም። ቀድሞ 30 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 10 ሰዓት ደግሞ ሲሙሌተር ላይ የሚሰጥ ኮርስ አለ። ከአሥሩ ስድስቱ ቢያንስ 40,000 ፓውንድ የሚመዝን አውሮፕላንን በሚወክል፣ በሚንቀሳቀስ ሲሙሌተር ላይ መሆን አለበት።

መጀመሪያ ገንዘብ መሰብሰቢያ መስሎኝ ነበር። ምክንያቱን ስሰማ ዝም አልኩ። እ.ኤ.አ. የካቲት 12 ቀን 2009 የኮልጋን አየር መንገድ በረራ 3407 ኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ ወድቆ 50 ሰው ሞተ። ፍጥነቱ ወርዶ ማስጠንቀቂያው ሲነሳ ካፒቴኑ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ዝቅ ማድረግ ሲገባው መሪውን ወደ ራሱ ሳበ። ኮንግረስ በ2010 ሕጉን ያጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ሲሙሌተሩ ውስጥ መሪው ለማስጠንቀቅ እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ሲጀምር፣ እጄ መሳብ ነው የፈለገው። መሬት እየቀረበህ ወደ መሬት መግፋት፣ አወቅኩት ስላልክ የሚመጣ ነገር አይደለም።

የ737ቱን ፈተና በቃልም በሲሙሌተርም አለፍኩ። አንዱ ሞተር ልክ ልትነሳ ስትል ይጠፋብሃል፤ አውሮፕላኑ ወደ ጎን እንዳይዞር እግርህ እስኪዝል ፔዳሉን መርገጥ ነው። ሬቲንጉ ከጥንቱ 737 እስከ አዲሱ 737 ማክስ ድረስ አንድ ነው፣ በመሃል የልዩነት ሥልጠና ቢኖርም። ታዲያ እኔ ከዚያ በፊት ጄት ስላላበረርኩና ሥልጠናዬም ፈተናዬም በሲሙሌተር ስለነበረ፣ ፈቃዴ ላይ ገደብ ተጻፈ። ልምድ ያለው ካፒቴን አጠገቤ ተቀምጦ 25 ሰዓት እስካበር ድረስ ያለ ገደብ ዋና አብራሪ መሆን አልችልም።

ልጁ ይህን ሁሉ ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ የተማሪ ፈቃዱን ፎቶ አሳየኝ። መጨረሻው ላይ የአባቱ ስም ነው።

"ግሪን ካርድህስ?"

"የአያቴ" አለ። ማኪያቶው ቀዘቀዘበት።