ሰባት ከአምስት አይበልጥም እንዴ?

የግዢ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጦ የማያውቅ ሰው ላፕቶፕ መምረጥ የቴክኒክ ሥራ ይመስለዋል። የእኛ ኮሚቴ ውስጥ ግን የአንደኛ ክፍል ሒሳብ ነበር። መደመር እንኳን አልደረስንም፤ የቱ ቁጥር ይበልጣል የሚለው ላይ ቆመን ቀረን።

መስክ ለሚወጡት ባልደረቦቻችን ላፕቶፕ ያስፈልጋል። ቀለል ያለ፣ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ፣ ያለ ቻርጀር ቢያንስ ግማሽ ቀን የሚያሠራ። በጀቱ ደግሞ ከሌላ ሥራ የተራረፈ ነው። በዚያ ገንዘብ አዲስ በካርቶኑ እንግዛ ካልን የሚደርሰን ሴለሮን የሚባል ደካማ ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ኢኤምኤምሲ የሚባል ቀርፋፋ ማከማቻ ያለው ነው። እሱን የያዘ ሰው ያውቀዋል። ዊንዶውስ አፕዴት ልሥራ ባለ ቁጥር ቦታ የለኝም ይልሃል፤ አንተ ፎቶ ስታጠፋ ትውላለህ። ስለዚህ ከትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የወጣ ሪፈርቢሽድ፣ ማለት ያገለገለና የታደሰ፣ የቢዝነስ ላፕቶፕ ይሻላል አልኩ። ይሄ ያጣላናል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ማንም ቃል አልተነፈሰም።

ጭቅጭቁ የተነሳው ሁለቱ ፕሮፎርማዎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው። አንደኛው ባለ 14 ኢንች ቲንክፓድ ቲ480፣ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-8250ዩ። ሁለተኛው ባለ 15.6 ኢንች፣ ኮር አይ7-7500ዩ። ራማቸው እኩል ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው።

የፋይናንስ ኃላፊያችን መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሁለቱን ወረቀቶች ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ክፉ ሰው አይደሉም። የመሥሪያ ቤቱን ገንዘብ ከኪሳቸው እንደሚወጣ ነው የሚያዩት፤ ለዚያም ይከበራሉ። ግን አንድ ነገር አንዴ ከያዙ ይዘው ነው።

«ይሄ አይ ሰባት ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ይሄኛውስ?»

«አይ አምስት።»

«ዋጋው?»

«ያው ተቀራራቢ ነው።»

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል? ሰባት ከአምስት አይበልጥም እንዴ?»

ኮሚቴው በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ችግሩ መልሱ ረጅም ነው። ጥያቄው አንድ መስመር ሆኖ መልሱ ገጽ ሲሞላ፣ ስብሰባ ላይ የሚያሸንፈው ጥያቄው ነው።

እንደምንም ጀመርኩ። አይ5፣ አይ7 የሚባለው ደረጃ የሚያወዳድረው አንድ ትውልድ ውስጥ ያሉትን ነው አልኩ። ትውልዱ ያለው ቀጥሎ በሚመጣው ቁጥር ላይ ነው፤ 7500 ማለት ሰባተኛ፣ 8250 ማለት ስምንተኛ። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2017 ስምንተኛውን ትውልድ ሲያወጣ በቀጫጭን ላፕቶፖች የሚገባውን የአይ5ና የአይ7 «ዩ» ፕሮሰሰር ከሁለት ኮር ወደ አራት አሳደገው። የሁለቱም የኃይል መጠን 15 ዋት ነው። ስለዚህ ይሄኛው አይ7 ሁለት ኮር ብቻ ነው ያለው፤ አይ5ቱ አራት።

«ኮር ምንድነው?»

«ሠራተኛ በሉት ጋሼ። እዚህ ሁለት ሠራተኛ፣ እዚያ አራት ሠራተኛ።»

ይሄን ስል ጨዋታው ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ጣታቸውን ፕሮፎርማው ላይ አስኬዱና ሌላ መስመር ላይ ቆሙ። አይ7ቱ 2.7 ጊጋኸርዝ ይላል። አይ5ቱ 1.6።

«እና እነዚህ ሁለቱ ፈጣን ናቸው፤ አራቱ ቀርፋፋ። ሁለት ጎበዝ ሠራተኛ ከአራት ሰነፍ አይሻልም? እኔ ሰው አስተዳድሬ አውቃለሁ።»

የእኛ የአይቲ ክፍል አራት ሰው ነው። ይሄን ኮሚቴው ያውቃል። ሳቁ ግድግዳ አናወጠ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ሳይቀር ብዕሩን አስቀምጦ ሳቀ። 1.6 መነሻው እንጂ ጣሪያው እንዳልሆነ፣ ሥራ ሲበዛበት እስከ 3.4 እንደሚወጣ፣ ሰባተኛውም ጣሪያው 3.5 ስለሆነ በዚህ በኩል ልዩነታቸው እዚህ ግባ የማይባል እንደሆነ እየተናገርኩ ነበር። ማን ይሰማኛል? ከሳቅ በኋላ የሚመጣ ማብራሪያ ማንም ጆሮ ውስጥ አይገባም።

ነገሩን ከመወሰን ያዳነችው ከመስክ ቡድኑ የመጣችው ባልደረባችን ናት። ስለ ፕሮሰሰር አንድም ቃል አልተናገረችም። ለናሙና የመጡትን ሁለቱን ላፕቶፖች አነሳችና እያንዳንዱን ከነቻርጀሩ የራሷ ቦርሳ ውስጥ ከተተች። ባለ 15.6ቱ ሲገባ ዚፑ ማዕዘኑ ላይ ቆመ። ገፋችው፣ አዘነበለችው፣ ጥግ ጥጉን ሳበችው፤ አልዘጋም አለ። «ይሄን የሚገዛ ሰው ቦርሳም አብሮ ይግዛልኝ» ብላ አወጣችው። ከዚያ ዕቃ ክፍል ያለው ሚዛን ላይ ይውጡልኝ አለች። ሻጮች የሚጽፉት ክብደት ላፕቶፑን ብቻ ነው፤ ቻርጀሩ እዚያ ውስጥ የለም። ትልቁ ያንን ጡብ የሚያህል ቻርጀሩን ሲጨምር የሚዛኑ ቀስት ሁለት ኪሎ ተኩልን አለፈ። ትንሹ በዩኤስቢ ሲ ስለሚሞላ በዚያው ቻርጀር ስልኳንም ትሞላለች። ለእሷ ምርጫው እዚያ ላይ አለቀ።

ለኮሚቴው ግን አላለቀም። «የተጠቃሚ አስተያየት» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረና ስብሰባው ለሌላ ቀን ተቀጠረ። ልብ በሉ፤ የሚሸከመው ሰው የተናገረው አስተያየት ነው፤ የማይሸከመው የተናገረው ውሳኔ ነው።

ቢሮዬ ተመልሼ ያዘጋጀሁትን የማወዳደሪያ ሠንጠረዥ አየሁት። አንድ ገጽ ሙሉ ነው። ካሽ አለ፣ ግራፊክስ አለ፣ የራም ፍጥነት አለ። ሁሉንም ሰረዝኩ። አይ5ና አይ7 የሚለውንም አወጣሁ። በትልቁ የተውኩት ሁለት መስመር ብቻ ነው። የመጀመሪያው «ትውልድ» ይላል፤ በአንዱ በኩል 7ኛ፣ በሌላው 8ኛ። ሁለተኛው «ዊንዶውስ 11» ይላል፤ በአንዱ በኩል በይፋ አይደገፍም፣ በሌላው ይደገፋል። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 እንደሚያበቃ ከሥር ጻፍኩ። አንድም ውሸት የለበትም። እንዲያውም ከበፊቱ ይልቅ ለገዢ የሚጠቅመው ይሄ ነው እላለሁ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ኃላፊያችን ወረቀቱን አነሱ። መነጽሩ ወደ ግንባር ወጣ።

«ይሄ ስምንተኛ፣ ይሄ ሰባተኛ?»

«አዎ ጋሼ።»

«አያችሁ? ያን ቀንም ቁጥሩን ተመልከቱ ነው ያልኳችሁ።» ፈረሙ።

እኔም ቃል አልወጣኝም። ዕቃው ይምጣ እንጂ።

ዕቃው ሲመጣ ደግሞ እውነተኛው ሥራ ተጀመረ፤ እሱን የሚያይ ኮሚቴ የለም። ቲ480 ስለተባለ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ያው ሞዴል 1366 በ768 የሆነ ደብዛዛ ስክሪን ይዞም ተሽጧል፣ 1920 በ1080 አይፒኤስ፣ ማለት በየትም በኩል ሲያዩት ቀለሙ የማይገለባበጥ፣ ይዞም ተሽጧል። ፕሮፎርማው ላይ የተጻፈው ጥሩው ነው፤ ካርቶን ውስጥ ግን ተደባልቆ ነው የመጣው። መለየቱ ቀላል ነው። ነጭ ገጽ ትከፍትና ስክሪኑን ወደ ኋላ አስተኝተህ ከታች በኩል ታየዋለህ። ቀለሙ ከተገለባበጠ መልሰው። የማይረባውን ሁሉ አንድ በአንድ መለስኩ፤ ሻጩም «እስከዛሬ ማንም አይቶብኝ አያውቅም» አለኝ። ስድብ ይሁን ሙገሳ አልገባኝም።

ባትሪውን ደግሞ መቶኛውን አይቶ ማመን የለም። ያረጀ ባትሪም መቶ በመቶ ሞላሁ ይላል። ዊንዶውስ ራሱ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ እዚያ ላይ ከፋብሪካ ሲወጣ የሚይዘውና አሁን የሚይዘው ጎን ለጎን ተጽፎ ታገኛለህ። ቲ480 ሁለት ባትሪ ነው ያለው፤ አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከኋላ የሚነቀል። የውስጡ ሲሠራ 24 ዋት ሰዓት የሚይዝ ነው። 13 ላይ የወረደ አገኘሁ። የኋላው ግን ላፕቶፑ ሳይጠፋ ተነቅሎ ሌላ ስለሚገባ፣ በተረፈችው ገንዘብ ተጨማሪ ባትሪ አስገዛን። መስክ ላይ ያሉት ልጆች እስከዛሬ የሚያመሰግኑኝ በእሱ ነው። ሁለተኛው የራም ቦታም ባዶ ስለነበር በኋላ 8 ጊጋ ጨመርንበት። ራሙ ቦርዱ ላይ የተበየደ ቢሆን ኖሮ እንደተገዛ ይቀር ነበር። ባዮሱ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ ፕሮግራም) በቀድሞ ባለቤቱ ፓስወርድ የተቆለፈውንማ አላወራም፤ ያስቆጣኛል።

በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ቀጣዩ ግዢ ሲመጣ ኃላፊያችን ራሳቸው ፕሮፎርማ ይዘው ገቡ። ፊታቸው በርቷል። ኮር አይ3-10110ዩ። አራት ጊጋ ራም፣ እሱም የተበየደ።

«አሥረኛ ትውልድ ነው» አሉኝ። «አሥር ከስምንት አይበልጥም እንዴ? አንተ ነህ ያስተማርከኝ።»

አይ3-10110ዩ ሁለት ኮር ነው። አሥረኛ ትውልድ መሆኑ እውነት ነው፤ ዊንዶውስ 11 መቀበሉም እውነት ነው። በእኔ ሠንጠረዥ ከተለካ አንደኛ ይወጣል። በእኔው ሠንጠረዥ! ቢሮ ሄጄ ሌላ አዘጋጀሁ። በዚህኛው «ኮር» የሚል መስመር ብቻ ተውኩ፤ በአሥረኛው 2፣ በስምንተኛው 4። ኃላፊያችን አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት፣ ከዚያ ፈገግ አሉ። «ያ የሠራተኛው ነገር ነው አይደል?» አሉና አራቱን ፈረሙ። ያን ቀን ደስታዬን ለማንም አልተናገርኩም።

ሰሞኑን ደግሞ ለሥራ አስኪያጁ አዲስ ላፕቶፕ ይገዛ ተባለ። ለእሳቸው በጀት አለ። ፕሮፎርማው ኮር አልትራ 5 125ዩ ይላል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ አዲሱን አሰያየም ሲጀምር «አይ»ዋን ጥሏታል። ኮሩ አሥራ ሁለት ደርሷል። ኃላፊያችን መነጽራቸውን ሰቀሉ።

«አይዋ የት ሄደች?»

«ቀረች ጋሼ። ስሙን ቀይረውታል።»

«ቁጥሩስ? ያኔ የገዛነው ስምንት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አልነበረም?»

«ነበር።»

«ታዲያ መቶ ሃያ አምስት? ለሥራ አስኪያጅ? እኔ በዚህ አልፈርምም።»

አልፈረሙም። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ፈረሙ።