ከሁለት ያጣ ለዘብተኛ

ለዘብተኛ የሚባለው ፖለቲከኛ ጄምስ ክሌቨርሊ መሪ ሆኖ ቢሆን ኖሮ የእንግሊዝ ወግ አጥባቂዎች ይተርፉ ነበር ወይስ ይብስባቸው ነበር? ባለፈው ክረምት ደሴ፣ እኛ ሳሎን ውስጥ፣ ይቺ ጥያቄ ሁለት ጓደኛሞችን ልታጣላ ምንም አልቀራት። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው፤ ከለንደን ወጣ ብላ ባለች ሜይደንሄድ የምትባል ከተማ ይኖራል። ሌላው የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ኖርፎክ፣ ገጠር ውስጥ ነው ያለው። ለእረፍት አብረው መጥተው ነበር። ሁለቱም ዜግነት አላቸው፣ ሁለቱም ዓመታት ሙሉ የመረጡት ወግ አጥባቂውን ፓርቲ ነው። "ስደተኛ ሆናችሁ እንዴት?" የሚላቸውን ለምደውታል። ግብር፣ ንግድ፣ ቤተሰብ ይላሉ፤ ያልፋሉ።

እናቴ "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" ብላ አቦሉን ቀዳች። እውነቷን ነው። እኔ ግን ወድጄዋለሁ። ሰው ስለ ባላንጣው ሲያወራ አፉ ይከፈታል፣ አዲስ ነገር ግን አይነግርህም። ስለ ራሱ ቤት ሲጨቃጨቅ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ነገሩን ላልተከታተለ ባጭሩ ልንገረው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ ነው)። በጁላይ 2024 ምርጫ ፓርቲው 121 ወንበር ብቻ ይዞ ወጣ። ከአምስት ዓመት በፊት 365 ነበረው። ያገኘው ድምፅ ከ14 ሚሊዮን ገደማ ወደ 6.8 ሚሊዮን ወረደ። ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ሪሺ ሱናክ የፓርቲውን መሪነት ለቀቀና ስድስት ሰው ለቦታው ቀረበ። አሠራራቸው እንዲህ ነው፦ የፓርላማ አባላቱ በየዙሩ እያጣሩ ሁለት ሰው ያስቀራሉ፤ ከሁለቱ አንዱን የሚመርጡት መዋጮ የሚከፍሉት ተራ አባላት ናቸው።

የአክስቴ ልጅ የመጨረሻዎቹን ዙሮች ሊያስረዳ ቆሎውን ረከቦቱ ጠርዝ ላይ ሦስት ቦታ ከመረው። ይሄ ክሌቨርሊ፣ ይሄ ሮበርት ጄንሪክ፣ ይሄ ኬሚ ባዴኖክ። በሦስተኛው ዙር ክሌቨርሊ 39 ድምፅ አግኝቶ አንደኛ ነበር። ጄንሪክ 31፣ ባዴኖክ 30። በማግስቱ አራተኛው ዙር ሲቆጠር ባዴኖክ 42፣ ጄንሪክ 41፣ ክሌቨርሊ 37። ትናንት የመራው ሰው ዛሬ ከጨዋታ ውጭ። ደጋፊዎቹ "እሱ እንደሆነ አልፏል" ብለው፣ በመጨረሻው ዙር እንዲገጥመው ለሚፈልጉት ሰው ድምፅ ሊያበድሩ ሲሉ ነው ተብሎ ብዙ ተወራ። ብልጥ ለብልጥ ዓይን ብልጥጥ ማለት ይሄ ነው። አጎቴ ከጎን ቁጭ ብለው እያዳመጡ የክሌቨርሊን ቆሎ ይቆረጥሙ ነበር። የአክስቴ ልጅ ዞር ሲል ክምሩ የለም። "ጋሼ፣ እሳቸውን እኮ በሉብን!" ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ በኋላ አባላቱ ባዴኖክን በ53,806 ለ41,388 መረጡ። ለዘብተኛ የሚባለው ሰው ስሙ ወረቀቱ ላይ እንኳን አልደረሰም።

ክርክሩ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

የአክስቴ ልጅ የሚለው ግልጽ ነው። ሜይደንሄድ የቴሬዛ ሜይ ወንበር ነበር። አሁን የሊብራል ዴሞክራቶች፣ የመሃሉ ፓርቲ፣ ነው። የዴቪድ ካሜሮን የነበረው ዊትኒም ሄደ፤ ቦሪስ ጆንሰን አንድ ወቅት ይዞት የነበረው ሄንሊም ሄደ። ሦስቱም የፓርቲው ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩ ሰዎች ወንበር፣ ሁሉም ለሊብራል ዴሞክራቶች። "ጎረቤቶቼን አውቃቸዋለሁ" ይላል። "ቤት ያላቸው፣ ሥራ ያላቸው፣ ጨዋ ሰዎች ናቸው። ግብር እንዳይጨምርባቸው ይፈልጋሉ፣ ጩኸት ግን አይወዱም። እነዚህን የምትመልሰው ጸባየኛ ሰው ፊት ስታደርግ ነው።" ክሌቨርሊ በርሚንግሃም ጉባኤ ላይ ፓርቲው እንደ ጤነኛ ሰው ይሁን የሚል ንግግር አድርጎ ነበር፤ ንግግሩ የአክስቴ ልጅ ለሚላቸው ዓይነት ሰዎች የሚሆን ነው።

የኮምቦልቻው ልጅ ሳቀበት። "አንተ የሀብታም ሰፈር ሰው ነህ፣ እኔ ጋ ና።" እሱ ጋ ማለት ሊዝ ትረስ የተሸነፈችበት አካባቢ ነው። የአገር ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረች ሴት በ630 ድምፅ ብቻ ወንበሯን ለሌበር አስረከበች። ከወግ አጥባቂዎቹ በስተቀኝ ያለው የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ ሪፎርም ዩኬ እዚያው ቦታ ወደ 10,000 የሚጠጋ ድምፅ ወስዷል። "ከአሥሩ አንዱ ወደ እኛ ቢመለስ አሸንፈን ነበር። እኔ ጋ ያለው ሰው ፓርቲው ለሰለሰብኝ ብሎ ነው የሄደው። አንተ ደግሞ የበለጠ አለስልሰው ትላለህ።"

የአክስቴ ልጅ ግን አልለቀቀውም። እዚያው ቦታ በግሉ የቀረበ አንድ የአካባቢው ሰው ከ6,000 በላይ ድምፅ አግኝቶ ነበር፤ ከትረስ ፊቱን ያዞረ ወግ አጥባቂ ሁሉ የሄደው ወደ እሱ ነው አለ። እና 630ዋን ድምፅ የበላው የትኛው ነው? ሁለቱም። ይሄኔ ነው እኔ ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ የደመደምኩት። ሁለቱም የሚያወሩት ከየመስኮታቸው ስለሚያዩት ሰው ነው፤ የሚያዩት ሰው ደግሞ ተቃራኒ ነገር ነው የሚፈልገው።

አጎቴ ቆሎውን ጨርሰው አንድ ነገር ጠየቁ። "ይሄ ለዘብተኛ የምትሉት ሰው ምን አድርጎ ነው ለዘብተኛ የተባለው?" ሁለቱ ተያዩ። ምክንያቱም ክሌቨርሊ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳለ፣ ዲሴምበር 2023 ላይ፣ ኪጋሊ ድረስ ሄዶ በጀልባ የገቡ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ለመላክ የሚያስችለውን ስምምነት የፈረመው ሰው ነው። እሺ፣ ዕቅዱ መንግሥት ሲቀየር ተሰርዟል፤ በግዴታ የተላከ ሰውም የለም። ግን ፈራሚው እሱ ነው። ጄንሪክ ደግሞ በዚያው ሰሞን ከሚኒስትርነት የለቀቀው የሩዋንዳው ሕግ አይበቃም፣ ገና ይጥበቅ ብሎ ነው። "ታዲያ ይሄ ለስላሳው ከሆነ ያኛው ምን ሊሆን ነው?" አሉ አጎቴ። በባቲ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ በጀልባ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ የሚሄድ ልጅ ሞልቶ በተረፈበት አገር ቁጭ ብለህ ስትሰማው ጥያቄው ሌላ ክብደት አለው። የኮምቦልቻው ልጅ "ሕግ ሕግ ነው ጋሼ፤ እኔ በወረፋዬ ነው የገባሁት" አለ። አጎቴ መልስ አልሰጡትም፣ ቶናውን ተቀበሉ።

ለእኔ ለዘብተኛ የሚለው ስያሜ ብዙ ጊዜ የጸባይ ስም ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚናገር፣ ፈገግ የሚል፣ ከጋዜጠኛ ጋር የማይደባደብ። ፖሊሲውን ገልጠህ ስታየው ከጠንካራው ጋር የሚለያየው በጣት የሚቆጠር ነገር ነው። ቦሪስ ጆንሰንንስ የት ልታስቀምጠው ነው? በአውሮፓ ጉዳይ ጠንካራ፣ ገንዘብ በማውጣት ላይ ደግሞ እጁ የማይያዝ። እሱ ነው 365 ወንበር ያመጣላቸው።

ታሪካቸውን ሳይ ግን አንድ ነገር ይታየኛል፤ ሁለቱም ያላነሱት። በ2001 አባላቱ በኬን ክላርክና በኢየን ደንከን ስሚዝ መካከል እንዲመርጡ ቀረበላቸው። ክላርክ የገንዘብ ሚኒስትር የነበረ፣ ሕዝቡ የሚያውቀው ሰው ነው። ግን አውሮፓን ይወዳል፣ ዩሮ ይሻለናል ይላል፣ ይሄንንም አይደብቅም። አባላቱ በ155,933 ለ100,864 ጣሉት። የመረጡትን ሰው ደግሞ ሁለት ዓመት ቆይተው፣ አንድም አገራዊ ምርጫ ሳይመራ፣ የራሱ የፓርላማ አባላት አወረዱት። በ2005 ለሦስተኛ ጊዜ ተከታትለው ተሸነፉ። ያኔ ነው ካሜሮን የመጣው፤ 39 ዓመቱ፣ ብላክፑል ጉባኤ ላይ ወረቀት ሳይዝ የተናገረ፣ ፓርቲው ይታደስ የሚል። ተቀናቃኙን ዴቪድ ዴቪስን በ134,446 ለ64,398 ዘረረው።

ሰው ይሄንን የለዘብተኛ ድል አድርጎ ያወራዋል። ሽንፈት ስለሰለቻቸው ነው ይባላል፤ እሱም እውነት አለው። ግን ካሜሮን ያኔ በውድድሩ ወቅት ለጠንካራዎቹ አንድ ቃል ገብቶ ነበር፦ ፓርቲያችንን በአውሮፓ ፓርላማ ካለው ትልቁ የመሃል ቀኝ ቡድን አስወጣለሁ ብሎ። ለተራው መራጭ ምንም የማትመስል ነገር ናት። ለእነሱ ግን ትልቅ ነበረች። በዱቤ ነው የተሾመው ማለት ነው። በ2009 ከፈለ። ዕዳው ግን አላለቀም። በ2013 የተመሳሳይ ፆታ ጋብቻ ሕግ ሲያመጣ ከራሱ የፓርላማ አባላት የተቃወሙት ከደገፉት በለጡ። በ2014 በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ የፋራጅ የያኔው ፓርቲ ዩኪፕ አንደኛ ወጣ። ካሜሮን ደግሞ በ2013 መጀመሪያ ላይ ሌላ ቃል ገብቷል፣ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ የሚል ሕዝበ ውሳኔ። በ2015 አብላጫ አገኘ፣ በ2016 ሕዝቡ 52 ለ48 እንውጣ አለ፣ እሱም ወጣ።

ይሄን ሳነሳ የኮምቦልቻው ልጅ ደስ አለው። "አየህ፣ ምርጫ አሸነፈ፣ ቤቱን አስረከበ!" የአክስቴ ልጅ "ያስረከበው ለእናንተ ቃል እየገባ ነዋ!" አለው። ምን ልበል፣ ሁለቱም ያው አንድ ነገር ነው ያሉት።

ክሌቨርሊ ቢመረጥ ኖሮም ይሄው ይደርስበት ነበር ብዬ አስባለሁ። ጄንሪክ ስደተኛ ለመመለስ እንቅፋት ነው ከሚሉት ከአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ስምምነት እንውጣ ብሎ ሲወዳደር ባዴኖክ ያኔ እሺ አላለችም ነበር። ባንድ ዓመት ውስጥ፣ በ2025 ኦክቶበር፣ የፓርቲው አቋም አደረገችው። እሷ ጠንካራ የምትባለዋ ይሄን ያህል ከተጎተተች፣ ለዘብተኛው ገና ከመጀመሪያው ቀን የሚያምነው አጥቶ ደግ መሆኑን ሳይሆን ጠንካራ መሆኑን ሲያስመሰክር ነበር የሚውለው። ያኔ የሜይደንሄድ ሰው አይመለስም፣ የኖርፎኩም አያምነውም። ከሁለት ያጣ ጎመን።

ይሄን ስል ግን እኔ ድምፅ ቢኖረኝ ለክሌቨርሊ እሰጠው ነበር። ኪጋሊን እያወቅኩም። ተቀናቃኙን ጠላት ሳያደርግ የሚከራከር ሰው የትም አገር አልበዛም፤ የወሎ ሰው ደግሞ ለጸባይ ይሸነፋል። አጎቴ ይሄን ሲሰሙ "አንተን ማታለል እንዴት ቀላል ነው" አሉኝ።

በረካው ሲቀዳ እናቴ ሰለቻት መሰለኝ፣ በቀጥታ ጠየቀቻቸው። "ነገ ምርጫ ቢሆን ማንን ትመርጣላችሁ?"

የአክስቴ ልጅ ትንሽ አመነታና ሊብራል ዴሞክራቶችን አለ። የሠፈሩ ተወካይ ስልክ ያነሳል፣ ሰው ነው አለ። የኮምቦልቻው ልጅ አላመነታም፣ ፋራጅን። ቀጣዩ ምርጫ እስከ 2029 ኦገስት ሊቆይ ስለሚችል ሐሳባቸውን ለመቀየር ጊዜ አላቸው። ግን ከሰዓት ሙሉ ስለ መሪው የተጨቃጨቁለትን ፓርቲ ሁለቱም አይመርጡትም።