ኬንያ ሄጄ የባሕር ኤሊ ስጠብቅ፦ ወጪው፣ ሥራውና የታዘብኩት

ለቤተሰቦቼ ስነግራቸው መጀመሪያ የመጣው ጥያቄ «ስንት ይከፍሉሻል?» የሚል ነበር። የምከፍለው እኔ ነኝ ስላቸው እናቴ ዝም አለች። አጎቴ ግን ዝም አላለም። «ከፍለሽ ልትሠሪ? እንደሱማ ከሆነ እኔም ቤት ሥራ ሞልቷል፣ ነይ» አለኝ። ሳቅን። ጥያቄው ግን ተገቢ ነው፤ ስለዚህ ከገንዘቡ ልጀምር።

የባሕር ኤሊ የሚጠብቁ ድርጅቶች አብዛኞቹ ከበጎ ፈቃደኛ ገንዘብ ይቀበላሉ። ኮስታሪካም፣ ግሪክም፣ ኬንያም ያው ነው። ክፍያው ለመኝታ፣ ለምግብና ለሥልጠና ነው። የሚተርፈው ደግሞ ሥራውን ይደጉማል፤ የነዳጅ፣ የመድኃኒት፣ ሌሊቱን ሙሉ ዳርቻውን የሚዞሩት የአገሩ ልጆች ደመወዝ ከሰማይ አይወርድም። ይሄን አውቄ ስለገባሁበት አልተቆጨሁም። ግን ከመክፈላችሁ በፊት ገንዘቡ የት የት እንደሚሄድ ጠይቁ። ለአፍሪካውያን የተለየ ዋጋ እንዳላቸውም ጠይቁ። ሳይጠየቁ የማይናገሩ አሉ።

እኔ መጀመሪያ ዓይኔን የጣልኩት ኮስታሪካ ላይ ነበር። ቶርቱጌሮ የሚባለው ዳርቻ በአረንጓዴ ኤሊ ስሙ የገነነ ነው፤ ጥበቃውም ከ1950ዎቹ የጀመረ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ከዚያ የአውሮፕላኑን፣ የቪዛውን፣ በየመሸጋገሪያው የሚጠየቀውን የትራንዚት ቪዛ ስደምር እርም አልኩ። የእኛን ፓስፖርት የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ካርታ ሳይሆን የቪዛ ዝርዝር ነው። ኬንያ ደግሞ ቪዛ አትጠይቀንም። የሕንድ ውቅያኖስም እዚያው አለ።

ዋታሙ ከሞምባሳ በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር አለፍ ብላ፣ ማሊንዲ ሳይደረስ ያለች የአሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከፊቷ ያለው ባሕር ከ1968 ጀምሮ ብሔራዊ የባሕር ፓርክ ነው። የኤሊ ጥበቃው በ1997 ዋታሙ ተርትል ዎች በሚል ስም ተጀመረ፤ ዛሬ ሎካል ኦሽን ኮንሰርቬሽን ይባላል። በኬንያ ባሕር አምስት ዓይነት ኤሊ ይታያል። ዋታሙ ዳርቻ ወጥታ በብዛት እንቁላል የምትጥለው አረንጓዴዋ ናት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ያለ ቪዛ ገባችሁ ማለት መሥራት ትችላላችሁ ማለት አይደለም። የኬንያ ኢሚግሬሽን በጎ ፈቃድንም ሥራ ብሎ ነው የሚቆጥረው፤ ደመወዝ አለመኖሩ ምንም አይለውጥም። ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ ስፔሻል ፓስ የሚባል ፈቃድ አለ፤ የሚቀበላችሁ ድርጅት ነው የሚያመለክትላችሁ፣ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። «በቱሪስት ግቢና ዝም በይ» የሚል ድርጅት ካጋጠማችሁ ሽሹት። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም አትርሱ። ወባው ደግሞ የምር ነው፤ መድኃኒቱን ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክራችሁ ያዙ።

በየብስ ነው የሄድኩት። ከአዲስ አበባ ሞያሌ በአውቶቡስ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ ሌላ አውቶቡስ፣ ከናይሮቢ ሞምባሳ በባቡር፣ ከዚያ ማታቱ በሚባለው ሚኒባስ ጌዴ ድረስ፣ ከጌዴ ዋታሙ በቱክቱክ፤ እኛ ባጃጅ የምንለው ማለት ነው። ወገብ ይቆርጣል። ጊዜ ከሌላችሁ በአውሮፕላን ሂዱ፤ እኔ ግን የሰሜን ኬንያን በረሃ በመስኮት ማየቴን ወድጄዋለሁ።

አሁን ወደ ሥራው።

በኢንስታግራም የምታዩት፣ ትንሿን ኤሊ በመዳፍ ይዞ ፈገግ ማለት፣ የለም። ባይኖርም ጥሩ ነው። ጠዋት የሚጀመረው በገንዳ ማጠብ ነው። የታመሙና የተጎዱ ኤሊዎች የሚታከሙበት ቦታ አለ፤ ውኃው ይቀየራል፣ ገንዳው ይፈገፈጋል፣ ምግብ ይዘጋጃል፣ ማን ምን ያህል እንደበላ ይመዘገባል። የሄድኩት በሁዳዴ ነበር፤ ስለዚህ ፆመኛዋ በየጠዋቱ ስኩዊድና አሣ እየከተፈች ነበር። አሣ የፆም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር ለኤሊዎቹ ትቼላቸዋለሁ። እኔን የስዋሂሊ ቁርስ ታድጎኛል፤ ማሐምሪ ከምባዚ ጋር፣ ማለትም እንደ ቦምቦሊኖ ያለ ዳቦና በኮኮናት ወተት የተሠራ የእርግብ አተር ወጥ። ፆመኛ ከሆናችሁ ዋታሙ አትራቡም።

ገንዳ ውስጥ ካሉት ልቤን የሰበሩት መስጠም ያቃታቸው ናቸው። ኤሊ የተቀደደ ፌስታል ወይም የመረብ ቁራጭ ስትውጥ አንጀቷ ይዘጋል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ጀርባዋ ከውኃው በላይ ቀርቶ ትንሳፈፋለች። ጠልቃ መብላት አትችልም። ከጀልባም መሸሽ አትችልም። ሕክምናው ትዕግሥት ነው፤ ፈሳሽ መስጠት፣ መድኃኒት መስጠት፣ ከዚያ የሚወጣውን መጠበቅ። አዎ፣ ሰገራ ውስጥ ላስቲክ መፈለግም ሥራ ነው፣ እሱንም ሠርቻለሁ። ኬንያ የፌስታል ከረጢት ከከለከለች ቆይቷል፤ ሕጉ በ2017 ነው የወጣው። ባሕሩ ግን ድንበር አያውቅም፣ ከሌላ አገር የተጣለውን ሁሉ አምጥቶ ዳርቻው ላይ ያራግፋል። በዳርቻ ጽዳት የለቀምነው ነጠላ ጫማ ብቻ ጉድ ያስብላል። ደግሞ ሁልጊዜ የአንድ እግር ነው፣ ጥንዱ የት እንደሚሄድ እንጃ።

ሌሊት ደግሞ ሮንድ አለ። ጥቁር ልብስ፣ ቀይ መብራት፣ ዝምታ። ነጭ ባትሪ ክልክል ነው፤ ልትወጣ ያለች ኤሊ ብርሃን ካየች ትመለሳለች። ብዙ ሌሊት ምንም አይገኝም፤ አሸዋ ለአሸዋ ሄዳችሁ ውሻ አይታችሁ ትመለሳላችሁ። ሲገኝ ግን አብራችሁ ያለው የአገሩ ልጅ በእጁ ቁጭ በሉ ይላችኋል፤ ትቀመጣላችሁ። እየተጎተተች ትወጣለች። በፊት እግሮቿ ቦታ ትጠርጋለች፣ በኋላ እግሮቿ ጉድጓድ ትቆፍራለች፤ ጉድጓዱን ሳታየው ነው የምትቆፍረው። መቶ የሚያልፍ እንቁላል ጥላ፣ አሸዋ አልብሳ፣ ቦታውን አሳስታ ትሄዳለች። ዓይኗ ስር የሚወርደውን አይተው ምጥ ነው የሚያስለቅሳት የሚሉ አሉ፤ ከሰውነቷ ጨው የምታስወግድበት መንገድ ነው። እንቁላል መጣል እስክትጀምር አይጠጉአትም። ከጀመረች በኋላ ከጀርባዋ ቀስ ብሎ መቅረብ ይቻላል፣ ስትጨርስ ትለካለች።

ጎጆው ባሕሩ ሲሞላ ውኃ የሚደርስበት ቦታ ከሆነ እንቁላሎቹ ከፍ ወዳለ ቦታ ይዛወራሉ። እዚህ ላይ ነው ሠልጣኝ እጁን የሚሰበስበው። እንቁላሉ ከተጣለ ጥቂት ሰዓት በኋላ ፅንሱ ከቅርፊቱ ጋር ይጣበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ከተገላበጠ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ቶሎ፣ ሳይገለበጥ፣ በነበረው ጥልቀት ልክ በተቆፈረ ጉድጓድ። የአዲሱ ቦታ ሙቀትም ወሳኝ ነው፤ የኤሊ ጾታ የሚወሰነው በአሸዋው ሙቀት ነውና። ከ29 ዲግሪ አካባቢ በላይ ሲሆን ሴቶች ይበዛሉ፣ ሲቀዘቅዝ ወንዶች። አውስትራሊያ ውስጥ በታላቁ የኮራል ሪፍ ሰሜናዊ ክፍል በተደረገና በ2018 በወጣ ጥናት፣ ገና ካላደጉት አረንጓዴ ኤሊዎች 99 በመቶ ገደማ ሴት ሆነው ተገኝተዋል። ጎጆ ሲዛወር ዛፍ ጥላ ይሁን ፀሐይ ላይ ይሁን ተብሎ የሚከራከሩት ለዚህ ነው።

ጫጩቶቹ ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ይወጣሉ። አይነኩም። አሸዋውን ራሳቸው አቋርጠው መግባት አለባቸው። የእናንተ ሥራ ሸርጣኑን፣ ውሻውን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የስልክ መብራት የሚያበራውን ቱሪስት ማራቅ ነው። ከሺህ አንዷ ናት ለአቅመ እናትነት የምትደርሰው ይባላል፤ ለዚያም ሃያ ሠላሳ ዓመት ይፈጅባታል። ቁጥሩን ሰምቶ ተስፋ የሚቆርጥ አለ፤ እኔን ግን የገላገለኝ ይመስለኛል፣ ዛሬ የገባችው ተረፈች አልተረፈች እያልኩ መጨነቄን ትቻለሁ።

ሁሉም እንግዲህ ጥሩ ነው። ግን አጎቴ ዛሬ «ለመሆኑ ምን አየሽ?» ቢለኝ የምነግረው የሌሊቱን አይደለም፣ የስልኩን ነው።

አሣ አጥማጅ መረቡ ውስጥ ኤሊ ሲያገኝ አርዶ መሸጥ ይችላል። ሥጋውም ዘይቱም ገዢ አለው፣ በድብቅ። ወይም ደግሞ ድርጅቱ ጋ ይደውላል። ሲደውል መኪና ይሄዳል፤ ኤሊዋ ትመረመራለች፣ ትለካለች፣ እግሯ ላይ ቁጥር ያለው ብረት ይታሰርላታል፣ ደህና ከሆነች ባሕር ፓርኩ ውስጥ ትለቀቃለች። ሰውየው ለድካሙ ትንሽ ገንዘብ ያገኛል። ከኤሊ ሥጋ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። በዚህ መንገድ በሺዎች የሚቆጠሩ ኤሊዎች ተመልሰዋል።

ከእኛ ከበጎ ፈቃደኞቹ ውስጥ ይሄን የሚተቹ ነበሩ። ገንዘብ ከተከፈለማ ሆን ብለው ይይዛሉ፣ ይላሉ። እኔም ጠርጥሬ ነበር። አንድ ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ኤሊ ልንቀበል ሄደን፣ ኤሊዋን ያገኙት ሽማግሌ አሣ አጥማጅ ሻይ ሳትጠጡ አትሄዱም አሉ። ሰላምታው ብቻ የእኛን አገር ያህል ነው፤ ስለ ቤት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ። ሰላምታውን ሳይጨርሱ ወደ ኤሊዋ መሮጥ ነውር ነው፤ ፈረንጆቹ ይሄ ያስቸግራቸው ነበር፣ እኔን ግን አላስቸገረኝም።

«ዳዳ፣ ኤሊዋ መረቤን ቀዳዋለች» አሉኝ በእንግሊዝኛና በስዋሂሊ እየቀላቀሉ። ዳዳ ማለት እህት ነው። «የምትሰጡኝ ለክሩም አይበቃ።»

«ታዲያ ለምን ይደውላሉ አባባ?»

«ብታሰር ጀልባዬን ሸጬ ነው የምወጣው። ደግሞ ስደውል ትመጣላችሁ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ብደውል ማን ይመጣል?»

ይሄ መልስ ብዙ አሳሰበኝ። ሕጉ አለ፤ የኬንያ የዱር እንስሳት ሕግ ኤሊን ይጠብቃል፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሕጉን ሥራ ላይ የሚያውለው ግን ስልክ ሲጠራ ሌሊትም ቢሆን የሚያነሳ፣ አነሳለሁ ብሎም የማይቀር ሰው መኖሩ ነው። ያ ሰው ደግሞ እኔ አይደለሁም። እኔ ለጥቂት ሳምንት መጥቼ ገንዳ አጥቤ እሄዳለሁ። እነሱ ዓመት ከዓመት እዚያው ናቸው፤ የአሣ አጥማጁን ሚስት ስም፣ የልጁን ትምህርት ቤት ያውቃሉ። የእኔ ክፍያ ያንን መኪና ነዳጅ ከሞላ፣ ለአጎቴ መልሱ እሱ ነው።

ስለዚህ ድርጅት ስትመርጡ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይሄን ይሁን፦ ቋሚ ሠራተኞቹ እነማን ናቸው? የአካባቢው ሰዎች ከሌሉበት ተዉት። ጫጩቶችን በገንዳ አስቀምጦ ለቱሪስት እያሳየ፣ በቀን በፀሐይ «ልቀቁ» ብሎ የሚያስከፍል ቦታም ጥበቃ አይደለም። በስሪላንካ ዳርቻ ያሉ ብዙ መፈልፈያዎች የሚወቀሱት በዚህ ነው። ጫጩት ስትወጣ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለማቋረጥ የምትዋኝበት ጉልበት አላት፤ ገንዳ ውስጥ ስትዞር ያንን ጉልበት ጨርሳ ነው ባሕር የምትገባው።

ደግሞ ይጠቅማል ወይ ለምትሉኝ፣ በ2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት አረንጓዴ ኤሊን ከአደጋ ዝርዝሩ አውጥቶ ብዙም ከማያሰጉት መካከል መድቧታል። ለአሥርተ ዓመታት እንቁላል ሲጠበቅ፣ ሥጋው ሲከለከል፣ መረቡ ሲስተካከል የመጣ ለውጥ ነው። ይሄ የዓለም አማካይ ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ዳርቻ የተሰጠ ዋስትና አይደለም። ቅርፊቷ ለጌጥ የምትታደነው፣ ሃክስቢል የምትባለው ኤሊ ደግሞ አሁንም እጅግ አስጊ ደረጃ ላይ ናት።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በዋታሙ እንቁላል የሚበዛው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ባለው ነው፤ ሚያዝያና ግንቦት ዝናብ አለ፣ የዝናብ ካፖርት ያዙ። ቀይ ብርሃን ያለው የራስ ባትሪ፣ በውኃ የማይበላሽ ሰንደል ጫማ፣ እጅጌው ረዥም የሆነ ጥቁር ሸሚዝ፣ የትንኝ ቅባት። ከወራት በፊት ጻፉላቸው። ደብዳቤያችሁ ላይ ምን እንደምትችሉ በግልጽ ንገሩ፤ ሒሳብ የሚያውቅ፣ ቪዲዮ የሚቆርጥ፣ መኪና የሚጠግን ሰው ከእንስሳት ሐኪም እኩል ይፈለጋል። መዋኘት አልችልም ብላችሁም አትቅሩ። እኔ አልችልም ነበር፤ አሁንም አልችልም።