«ሶፋው የት አለ?»

ሰሞኑን ከመሐል ሜዳም ከደብረ ብርሃንም የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ዓይነት ሆኗል። «አባትሽን ወስደሽ እንዳስመረመርሻቸው እኛም እናታችንን በጉብኝት ቪዛ እንላክልሽ፤ ካንሰሩንም ሌላውንም ሙሉ ምርመራ አድርገሽላት ትመለስ።» ሙሉ ምርመራ! አሜሪካ ሰው በአንድ በር ገብቶ በሌላው ተመርምሮ የሚወጣበት ወፍጮ ቤት ይመስል። እስቲ የኛን ቤት ጉድ ልንገራችሁ።

አባባ የመንዝ ሰው ናቸው። የጓሳን ውርጭ በበርኖስ እየመከቱ ያረሱ፣ የተጣላ ያስታረቁ፣ ደም ያደረቁ፣ የእድር ገንዘብ ያዥ ሆነው የኖሩ። እዚህ ከመጡ ወዲህ በየዓመቱ ከሐኪም ቤት አንድ ፖስታ ይላክላቸዋል። በውስጡ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አለች፤ ሰገራ ተነክቶባት በዚያው በፖስታ ትመለሳለች፤ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምልክት ሊሆን የሚችል ለዓይን የማይታይ ደም ካለ ታሳያለች። መጀመሪያ ሳስረዳቸው አንገቴን ደፍቼ ነበር። እሳቸው ግን «ፖስተኛው ምን በደላቸው?» ብለው ስቀው አለፉት። ውርደቱ ከዚያ አልመጣም።

የመጣው ወረቀቱ 80 ሊሞላቸው ነው ባለበት ዓመት ነው። አባባ የተወለዱት ጣሊያን በወጣ በስድስተኛው ዓመት፣ በ1939 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ነው። ፓስፖርታቸውን የሞላው ጸሐፊ ግን ዕድሜ ጨምሮላቸው እንደ ብዙዎቻችን ጃንዋሪ 1 ቀን ወለዳቸው። አገር ቤት ይህ ያስቃል እንጂ የሚያጎድለው ነገር የለም። እዚህ ግን የካንሰር ቅድመ ምርመራ፣ ማለትም ሰው ምንም ሳያመው የሚደረገው፣ በዕድሜ የተሰፈረ ነው። ለትልቁ አንጀት ከ45 እስከ 75 ዓመት ያለ ሰው ሁሉ እንዲመረመር ይመከራል፤ ከ76 እስከ 85 እንደ ሰውየው ጤናና ፍላጎት ይወሰናል፤ ከዚያ በላይ ይበቃል ይባላል። የጡት ራጅ እስከ 74 ነው። የማኅፀን በር ምርመራ ቀድሞ በወጉ ለተመረመረች ሴት 65 ላይ ይቆማል። የፕሮስቴትን፣ ማለትም ከወንዶች ፊኛ ሥር ያለችውን እጢ፣ የካንሰር የደም ምርመራ ደግሞ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና አማካሪ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. ባወጣው ምክር ከ70 ዓመት በላይ ላሉ ወንዶች አይደግፈውም።

ሐኪሟ በስልክ አስተርጓሚ ላምጣ ብላ ነበር። አባባ «ልጄ እያለች?» አሉ። ከዚያ ጥያቄው ጀመረ። «ገላቸውን ያለ ሰው እርዳታ ይታጠባሉ ወይ በያቸው» አለችኝ። አባቴ ፊት ገላ የሚል ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። አጎንብሼ ጠየቅሁ። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ዝም አሉ። «ገንዘባቸውን ራሳቸው ያስተዳድራሉ?» አለች ኮምፒውተሯን እየነካካች። እሷን ሳይሆን እኔን እያዩ «የስንት አባወራ የእድር ገንዘብ በእጄ እንደነበረ ንገሪያት» አሉኝ። «ረዘም ያለ መንገድ ይራመዳሉ?» ለመንዝ ሰው! እኔ ለመሳቅም ለማልቀስም ሲቃጣኝ የመጨረሻውን አመጣችው፤ እንደ ሶፋ ያለ ከባድ ዕቃ መግፋት ይችሉ እንደሆነ። አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ሶፋው የት አለ?»

ሐኪሟ ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀችና ምክንያቷን ዘረዘረች። በአንጀት ላይ የምትወጣ ትንሽ እጢ ወደ ካንሰር እስክትለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ዓመታት ትፈጃለች፤ የቅድመ ምርመራው ጥቅም የሚታየውም ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጉዳቱ ግን ዛሬውኑ ይደርሳል። ፖስታው ደም ካሳየ ቀጥሎ የሚመጣው ኮሎኖስኮፒ፣ ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ አንጀትን ማየት ነው፤ አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት ሽማግሌን ያዝላል፤ መድማትና አንጀት መበሳትም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ይህም ከዕድሜ ጋር ይጨምራል። ስለዚህ ጥቅሙ እስኪታይ የሚያደርስ ዘመን ይኖራቸው እንደሆነ ለመገመት የምትጠይቀው የወረቀቱን ዕድሜ ሳይሆን የጉልበታቸውን ነው። ምክንያቱ አሳመነኝ፤ አጠያየቋ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እነዚህ ሰዎች ለውሻቸው ልብስ የሚገዙ ርኅሩኆች ናቸው፤ የሰውን ቀሪ ዘመን ግን በልጁ ፊት ያሰሉታል።

የእኛም ቢሆን አያኮራም። «ያ ክፉ በሽታ» እያልን ስሙን እንሸሻለን፤ የታመመውን ሰው በሽታ ከታማሚው በቀር ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል።

አባባ ነገሩን እንደ ሽምግልና ያዙት። «ደም ካሳየ ያን ካሜራ የግድ ነው?» ጠየቁ። ነው ተባሉ። «ካሜራውን አልፈልግም ብልስ?» እንግዲያ ፖስታውን መላክ ትርጉም የለውም አለቻቸው። እስከዚያ ዓመት የላኩት ሁሉ ንጹሕ ነበር። «ታዲያ ምን ያስልከኛል» ብለው ጨረሱ። እኔ በወራት የማልጨርሰውን ነገር ነው ኮታቸውን ሳይለብሱ የቋጩት።

ማታ ደብረ ብርሃን ላለው ታላቅ ወንድሜ ስደውልለት ግን እሳት ሆነ። «አርጅተዋል ብለው ጣሏቸው! ገንዘብ ለመቆጠብ ነው! አንቺስ ዝም ብለሽ ሰማሽ?» ካንሰር ተገኘባቸው ብለው ቢሆን እንዲህ የሚጮህ አይመስለኝም። በእኛ ዘንድ ልጅ ለወላጁ የሚያደርገው በገንዘብና በወረፋ ነው የሚለካው፤ አያስፈልግም መባልን እንደ መገፋት እንሰማዋለን።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። በጉብኝት ቪዛ የሚመጣ ሰው የሚገዛው መድን አብዛኛውን ጊዜ ቅድመ ምርመራንም ነባር ሕመምንም አይሸፍንም፤ ሂሳቡ ቤት ድረስ ይመጣል። ግሪን ካርድ ይዘው የሚመጡ ወላጆችም ቢሆኑ 65 ዓመት ሞልቷቸው 5 ዓመት ሳያቋርጡ ካልኖሩ ወደ ሜዲኬር፣ ወደ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን፣ አይገቡም። «ለእናቴ ስል» ብላችሁ ቤት ንብረት የምትሸጡ፣ ቆም በሉ። ወላጅ ሲመጣም አስተርጓሚ ጠይቁ፤ ከመንግሥት ድጋፍ የሚያገኝ ሆስፒታል ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ አባባ ቢቀየሙም ለሁለታችንም ይሻለን ነበር።

አንድ ነገር ግን እንዳይምታታባችሁ። እስካሁን የተናገርኩት ምንም ሳያመው ስለሚመረመር ሰው ነው። ሰገራው ላይ ደም ያየ፣ ያለ ምክንያት የከሳ፣ ሽንት የሚያስቸግረው፣ ጡቷ ላይ እብጠት የዳሰሰች፣ ካረጠች በኋላ ደም የፈሰሳት ሰው በ90 ዓመቱም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ጸበሉንም ይጠመቅ፤ እኔም ጻድቃኔ ማርያም ያደግሁ ነኝ፤ ሐኪሙን ግን አይቅር።

ቅድመ ምርመራው በብዙ የሚጠቅማቸው ሌሎች ናቸው። አገር ቤት ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ በጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ ባለሙያዋ የማኅፀን በሩን አሴቲክ አሲድ (በኮምጣጤ ውስጥ ያለውን አሲድ) ቀብታ ወዲያው ታየዋለች፤ ካንሰር ሳይሆን በፊት ያለውን ለውጥ ካገኘችም ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታከማል። የወንድሜ ሚስት 41 ዓመቷ ነው፤ ጤና ጣቢያው ከቤታቸው በእግር ይደረሳል። አባባን ጣሏቸው ብሎ የጮኸብኝን ወንድሜን እሷስ ተመርምራለች ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ነው» አለኝና ዘጋው።